የዓርብ የውሃ ቀለም

አምስት ዓመት የውሃ ምህንድስና ተምሬ፣ ሁለት ዓመት ሥራ ፈልጌ፣ በመጨረሻ ሱሉልታ ውስጥ የአፀደ ሕፃናት መምህር ሆንኩ። የትምህርት ቤቱ ባለቤትም ዳይሬክተርም የሆኑት ሴትዮ ቀደም ሲል የሕንፃ መሣሪያ ይነግዱ ነበር። ዲግሪዬን እንደ ቆርቆሮ ፊቱንም ጀርባውንም ካገላበጡት በኋላ፣

«ውሃ ነው የተማርከው?» አሉኝ።

«የውሃ ሀብት ምህንድስና ነው።»

«ጥሩ ነው። ሕፃናት ውሃ ይወዳሉ።»

በዚሁ ተቀጠርኩ። ከእኔ በፊት የነበሩት መምህራን ሁሉ ሴቶች ስለነበሩ ልጆቹ አስተማሪ የሚባለውን ፍጡር የሚያውቁት «ሚስ» በሚል ስም ብቻ ነው። በመጀመሪያው ቀን ፊታቸው ቆሜ «እኔ ሚስ አይደለሁም፤ ቲቸር በሉኝ» አልኳቸው። «እሺ ሚስ!» አሉኝ በአንድ ድምፅ። ሦስት ወር ሳይሞላኝ መንገድ ላይ «ሚስ!» የሚል ድምፅ ሲሰማ ከሴቶቹ ቀድሜ የምዞረው እኔ ሆንኩ። እናቴ ሰው ሲጠይቃት «መሐንዲስ ነው፤ አሁን ሕፃናት ላይ ነው የሚሠራው» ትላለች። ሰሚው ምን እንደሚገባው እግዜር ይወቅ።

አንድ ቀን ዳይሬክተሯ አዲስ አበባ ሆቴል ውስጥ ከተሰጠ ሥልጠና ወፍራም ፋይል ታቅፈው ተመለሱ። ፋይሉ ላይ «ለሕፃናት ቀላል የውሃ ቀለም ሥራዎች» ይላል። በማግስቱ የግቢው በር ላይ «ክሬቲቭ ትውልድ እናፈራለን» የሚል ባነር ተሰቀለ። በሳልስቱ አራት ሳጥን የውሃ ቀለም ተገዛና እሳቸው ቢሮ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆለፈበት። ሥራው ለእኔ ተሰጠ፤ ምክንያቱም ውሃ የተማርኩት እኔ ነኝ።

«በየሳምንቱ ዓርብ ሃያ ስምንቱም ልጆች ይሥሩ» አሉኝ ቁልፉን ሲሰጡኝ። «ቀለሙን ግን ብዙ እንዳይነኩት።»

የፋይሉ የመጀመሪያ ገጽ «ይህ ሥራ ከወረቀት፣ ከብሩሽና ከቀለም ሌላ የሚፈልገው ውሃ ብቻ ነው» ብሎ ይጀምራል። ጉዱ ያቺ «ብቻ» ላይ ነው። ቧንቧችን ከደረቀ ዘጠኝ ቀን ሆኖታል። ደጃችን ላይ ግን የታሸገ ውሃ የጫኑ መኪኖች ከፋብሪካዎቹ ወጥተው ቀኑን ሙሉ ወደ አዲስ አበባ ይወርዳሉ። መቁጠር የምናስተምረው በእነሱ ነበር። ልጆቹ አጥሩ ላይ ተደርድረው «አሥራ አንድ! አሥራ ሁለት!» ይላሉ፤ ቀጥለው ሄደው ደረቅ ቧንቧ ስር እጃቸውን ያሻሻሉ።

ሐሙስ ዕለት «ኦቦ» እያልን የምንጠራቸውን ሽማግሌ ዘበኛ «ውሃ መጣ እንዴ?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ቢሻን ሂንጂሩ» አሉኝ። እንዳልገባኝ ቆጥረው በአማርኛ ደገሙልኝ፦ «ውሃ የለም። ነገም ና ጠይቀኝ፣ የለም እልሃለሁ።»

ስለዚህ በየልጁ የመገናኛ ደብተር ላይ «ነገ እያንዳንዱ ተማሪ ግማሽ ኮዳ ውሃ ይዞ ይምጣ» ብዬ ጻፍኩ። ዓርብ ጠዋት የመጣው ውሃ ዓይነቱ ብዙ ነው። አንዱ ሻይ ይዞ መጣ። አንዷ ጋዝ ያለው ውሃ አምጥታ ብሩሿን በነከረች ቁጥር ሲፈላ እያየች ትስቃለች። የቀረው ተራ ውሃ ነው፤ ወይም ተራ ውሃ መስሎኝ ነበር።

የመረጥኩት ከሁሉ ቀላሉን ሥራ ነው። ልጁ በነጭ ሻማ ቁራጭ ነጭ ወረቀት ላይ ይሥላል፤ ምንም አይታይም። ከዚያ በውሃ የቀጠነ ቀለም ሲቀባበት ሻማው ያረፈበት ቦታ ቀለሙን አልቀበል ስለሚል የሣለው ነገር ነጭ ሆኖ ብቅ ይላል። የመጀመሪያዋ ብሩሽ ወረቀት እንደነካች ክፍሉ በጩኸት ተናጋ። «ወጣ! ሚስ፣ ወጣልኝ!» የብሩሾቹ ፀጉር እየረገፈ ሥዕሉ ላይ ይጣበቃል፤ ማንም ግድ አልሰጠውም። አንዲት አምስት ዓመት የሆናት፣ ስትሠራ ምላሷን በጥርሷ ይዛ የምታወጣ ልጅ ወረቀቷን በሙሉ ሰማያዊ ቀብታ አሳየችኝ። ሁለት ትልልቅ ክቦች፣ ረጅም ነገር፣ ከጎኑ የተዘረጋ ሌላ ነገር። «ጎበዝ!» አልኳትና ወደሚቀጥለው ሄድኩ። ምንድን ነው ብዬ አልጠየቅኳትም። «ጎበዝ» የምላቸው ሃያ ሰባት ልጆች ይቀሩኛል።

ሰኞ ጠዋት የልጅቷ እናት ከሁለት ጎረቤቶቿ ጋር መጣች። ሦስቱም ነጠላ አጣፍተዋል። ወረቀቷ በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልላለች።

«ቲቸር» አለች እናትየዋ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ዓርብ ለልጄ የሰጠሃት ወረቀት ላይ ምን ነበረበት?»

«ምንም። ባዶ ነበር» አልኩ።

አንደኛዋ ጎረቤት አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። ነገሩ ያኔ ገባኝ ማለት አልችልም፤ መልሴ እንዳልተስማማኝ ብቻ ታወቀኝ። «ማለቴ፣ ሻማ ነበረ...»

«ሻማም ነበረ!» አለች ሁለተኛዋ።

ቀስ በቀስ ተረዳሁ። ሐሙስ ማታ እነሱም ቤት ጠብታ ውሃ አልነበረም። የቤት ሠራተኛዋ የመገናኛ ደብተሩን አይታ፣ ትእዛዝ ነውና፣ እመቤቷ ለጉልበቷ ከእንጦጦ ያስመጣችውን ጠበል ኮዳው ውስጥ ገልብጣ ልካለች። ልጅቷ ደግሞ ቤት ገብታ የሆነውን ሳትጨምር ሳትቀንስ ተናገረች፦ ሚስ ባዶ ወረቀት ሰጠን፣ ከኮዳዬ ስቀባው ሥዕል ወጣ።

ሰም ውሃን እንደሚገፋ ማስረዳት ጀመርኩ። ከተመረቅሁ ጀምሮ ትምህርቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሊጠቅመኝ ነው ብዬ ስለ ውሃ ጠባይ ከሥሩ አነሳሁ። ሦስቱም በትዕግሥት ሰሙኝ። ስጨርስ ጎረቤቷ፣

«እሱስ ልክ ነው፤ ግን እንዲገፋው ያደረገው ማን ነው?» አለችኝ። ዩኒቨርሲቲ ይህን አልጠየቀኝም።

ከዚያ ሥዕሉን ገልጠው አሳዩኝ። ክቦቹ አክሊለ ብርሃን ናቸው፤ የተዘረጋው ክንፍ ነው። እናትየዋ ቅዳሜ ከሥዕለ አድኅኖው ጎን ሰቅላው ሰፈሩ ሲያየው ውሏል። ዳይሬክተሯ ደርሰው ሁሉንም አዳመጡና ክንዴን ይዘው ወደ ጓሮ ወሰዱኝ።

«አስረዳሃቸው?»

«አዎ፣ ሰሙ ነው...»

«አታስረዳ። በዓመቱ እኩሌታ ሦስት ወላጆች ለምዝገባ ጠይቀውኛል።»

ወሬው ግን ሁሉም ጆሮ ጋ እኩል አልደረሰም። ረቡዕ ዕለት ከደቡብ መጥቶ ግንባታ ላይ የሚሠራ አንድ አባት፣ ሲሚንቶ የነካውን ቆቡን አውልቆ በትሕትና አነጋገረኝ። «እኛ ጴንጤዎች ነን፤ ጠበል አንጠቀምም። ለልጄ በተራ ውሃ ይሁንለት።»

«ወንድሜ፣ ተራ ውሃ ቢገኝ ይኼ ሁሉ መች ይመጣ ነበር?» አልኩት። ሳቀ፤ ግን ቃሌን ሳይቀበል አልሄደም።

ዳይሬክተሯ ሁለቱንም ወገን ላለማስቀየም ሁለት ባልዲ ገዙ። በአንዱ ላይ «ጠ»፣ በሌላው ላይ «ተ» ተጻፈ። ጠበል የሚልክ ወላጅ «ጠ» ውስጥ፣ ሌላው በአህያ ጋሪ ተገዝቶ ከመጣው ውሃ «ተ» ውስጥ። ልጆቹ ከዚህ ሁሉ ያተረፉት ሁለቱን ፊደላት አጥርቶ መለየት ነው። የእንግሊዝኛ ፊደል ብቻ እናስተምራለን ብለው ማስታወቂያ ላስለጠፉት ዳይሬክተር ይህ ትልቅ መሥዋዕትነት ነበር።

በሚቀጥለው ዓርብ መስኮቱ በእናቶች ተሞላ። የልጅቷ እናት የንስሐ አባቷን፣ አንድ አዛውንት ቄስ፣ ይዛ መጣች። ለእሳቸው የሚሆን ወንበር አልነበረንም። ለአራት ዓመት ልጅ በተሠራች ቢጫ ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ ጉልበታቸው ደረታቸው ጋ ደረሰ። ሥዕሉን አልጠየቁም።

«ልጄ፣ ለእኔም ወረቀትና ሻማ ስጠኝ» አሉኝ።

ሰጠኋቸው። ጥቂት ነገር ሣሉ። ብሩሹን «ተ» ባልዲ ውስጥ ነከሩና አረንጓዴ ቀለም ቀቡበት። የሣሉት ነጭ ሆኖ ብቅ ሲል መጀመሪያ ዓይናቸው ፈጠጠ፤ ከዚያ ሆዳቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ።

«ሰም ነው!»

«እኔም ያልኩት ይህንኑ ነው አባ።»

«አንተ አወራህ፤ እኔ ሠራሁት» አሉኝ። ልጅቷን ጠርተው እናትየዋ ይዛው የመጣችውን ያለፈውን ዓርብ ሥዕል ፊቷ ዘረጉት። «እስቲ ንገሪኝ የኔ ልጅ፣ ይኼ ምንድን ነው?»

«ቦቴ።»

«የምን ቦቴ?»

«ውሃ የሚያመጣው። ይኼ ጎማው ነው። ይኼም ጎማው ነው።»

«ክንፉስ?»

«ክንፍ አይደለም!» አለች ተቆጥታ። «ውሃው እየፈሰሰ ነው። እኛ ሰፈር ሲደርስ ሁልጊዜ ይፈሳል።»

እናትየዋ የሐሰት ወርቅ የሸጥኩላት ይመስል አየችኝ። ልጅቷን ያን ሁሉ ቀን ማንም አልጠየቃትም፤ እሷም ቦቴ መሆኑ ለሁሉም የታወቀ መስሏት ነበር።

«ልጄ» አሏት ቄሱ እናትየዋን፣ «ቦቴው መጥቶ ቢሆን ጠበልሽን ማን ይነካብሽ ነበር? ሥዕሉን ከቅዱሳኑ ጎን አንሺውና እሷ የምትተኛበት ግድግዳ ላይ ስቀይላት። እንዳትጥይው።»

ይህን ብለው ሊሄዱ ነው ስል ሁለተኛ ወረቀት ጠየቁኝ። ደወል እስኪደወል ከልጆቹ ጋር ሲሥሉ ቆዩ። የሆነ ልጅ ክርናቸውን ገፍቶ ቀለም ቀሚሳቸው ላይ ሲያፈስባቸው እንኳ ቀና አላሉም። በዚያ ዓመት ወረቀት ይጨመርልኝ ያለኝ ብቸኛ ትልቅ ሰው እሳቸው ናቸው። ሥዕላቸውን አጥፈው ካባቸው ውስጥ ከተቱት፤ ምን እንደሆነ አላሳዩኝም፤ እኔም አፈርኩና አልጠየቅኩም።

ሊመዘገቡ ከነበሩት ሦስት ልጆች ሁለቱ ሳይመጡ ቀሩ። ዳይሬክተሯ ሻማን ከግቢው አገዱ፤ ባልዲዎቹ ሽንት ቤት ገቡ፤ ባነሩ ግን አልወረደም። ለቀጣዩ ዓርብ «ሌላ ሰው የማይተረጉመው ነገር ፈልግ» ብለው አዘዙኝ። ፋይሉ ውስጥ እርጥብ ቀለም ላይ ጨው የሚበተንበት ሥራ አገኘሁ፤ ጨው የነካው ቀለም እየሸሸ ኮከብ የሚመስል ነገር ይተዋል። ግማሽ ኪሎ ጨው ያለ ክርክር ተፈቀደልኝ።

ምናልባት ዘጠኝ ልጆች ጨዉን በተኑት። የቀሩት ላሱት። ወረቀት ላይ ከበተኑት ውስጥም አንዳንዶቹ ኮከቡ እስኪወጣ አልታገሡም፤ ወረቀቱን ራሱን ላሱት።

ከሰዓት በኋላ እናትየዋ ልጇን ልትወስድ መጣች፤ ከዚያ ዓርብ ወዲህ ቃል አላናገረችኝም ነበር። የልጅቷን አፍ አይታ ደነገጠች።

«ምላሷ ለምን ሰማያዊ ሆነ?»

«ጨው ልሳ ነው።»

«ጨው ብቻ?»

«ትንሽ ቀለምም አለበት። አይጎዳም፤ ሣጥኑ ላይ ተጽፏል።»

ሳቋ አመለጣት። ወደ ልጇ ጎንበስ ብላ «ዛሬ ደግሞ ምን ሣልሽ?» አለቻት።

«አላውቅም» አለች ልጅቷ፣ «ገና አልደረቀም።»

ቀለሙ እንዳይፈስባቸው ወረቀቱን ግራና ቀኝ ይዘው፣ እንደ ትሪ አስተካክለው፣ ቀስ እያሉ ወጡ።