የአፍንጫዋ ክብደት

የመጨረሻው ደህና ቀን ዓርብ ነበር። ከጁምዓ ሶላት መልስ ወንድሜ ሱቁን ከፍቶ ወለሉ ላይ ውሃ ረጨ። አቧራው እንዲተኛ ነው። ሰቆጣ ላይ ቀለም የሚቀባ ሰው መጀመሪያ ከአቧራ ጋር መታረቅ አለበት ይል ነበር።

ሱቁ የቤታችን የመንገድ ዳር ክፍል ነው። ወንድሜን ጋሼ እለዋለሁ፤ በዘጠኝ ዓመት ይበልጠኛል። ሥራው ስልክ መጠገን ነው። ሥራ ሲቀዘቅዝ ግን ትንንሽ የፕላስቲክ ሄሊኮፕተሮች ይገጣጥማል። የአክስታችን ልጅ ሸቀጥ ሊጭን አዲስ አበባ ሲወርድ ክፍሎቹ የታሸጉበትን ካርቶን ፈልጎ ያመጣለታል። ክፍሎቹ ከቀጭን የፕላስቲክ ዘንግ ጋር እንደተያያዙ ይመጣሉ። ጋሼ በምላጭ ይቆርጣቸዋል፣ በብርጭቆ ወረቀት ያለሰልሳቸዋል፣ በስልክ መጠገኛው ወረንጦ እየያዘ ያጣብቃቸዋል። አንዷ ስታልቅ ከስንዝር ትንሽ ታልፋለች።

እኛ ዘንድ የሄሊኮፕተር ድምፅ ሲሰማ ሰው ወይ እርዳታ ወይ ጦርነት ያስባል። ጋሼ የሚያስበው የጭራዋ ማራገቢያ ለምን በጎን እንደምትዞር ነበር።

በዚያ ዓርብ አንድ የሰቆጣ ዙሪያ ገበሬ ስልካቸውን ሊያሠሩ መጡ። ሽማግሌ ናቸው። ጠረጴዛው ላይ ያለችውን ሄሊኮፕተር አይተው ጎንበስ አሉ።

«ይቺ ትበራለች?»

«አትበርም አባባ።»

«ታዲያ ምን ታደርጋለች?»

«ትቆማለች።»

«ለመቆምማ አህያዬም ውጭ ቆማለች!» አሉና አብሯቸው ለመጣው ሰው በኸምጣንጋ ቋንቋ ደገሙለት። ሁለቱም ሳቁ። ጋሼም ሳቀ።

«የእርስዎ አህያ ጭራዋ ላይ አትቀመጥማ» አላቸው። «ይቺ ካልተጠነቀቁላት ትቀመጣለች። ደግነቱ ረዳቴ አፍንጫዋን አክብዶልኛል።»

ረዳቱ እኔ ነኝ። አጎንብሼ ወለሉ ላይ የወደቀ ነገር የምፈልግ መሰልኩ። አፍንጫዋን አላከበድኩም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሄሊኮፕተሯ ሦስት እግር አላት፤ አንዱ ከአፍንጫዋ ሥር፣ ሁለቱ ከኋላ። ጭራዋ ረጅም ስለሆነ አፍንጫዋ ውስጥ ክብደት ካልገባ እንደ ውሻ ቁጢጥ ትላለች። ክብደቱ ደግሞ የሚገባው ሁለቱ ጎኖቿ ሳይጣበቁ ነው። ጋሼ ከተበላሸ የባጃጅ ኩሽኔታ ዘጠኝ ብይ አውጥቶ፣ እያንዳንዷ ሽምብራ የምታክል፣ ከፕላስቲክ አብራሪዎቹ ወለል ሥር እንዳጣብቃቸው ሰጠኝ። ሦስት ሳምንት ይሆነዋል። ያን ጊዜ ጓደኞቼ ከውጭ አፏጩ፤ ኳስ ሊጀመር ነው። ብዮቹን ኪሴ ከተትኩና ሮጥኩ። ስመለስ ጋሼ ሁለቱን ጎኖች ይዞ፣ ሙጫ ቀብቶ ይጠብቃል።

«አስገባህ?» አለኝ።

«አዎ።»

አዎ ካልኩ በኋላ ነው ኪሴ ውስጥ የተንቀጫቀጩት። ያኔውኑ ቆይ ማለት እችል ነበር። ሙጫው ገና አልያዘም። አላልኩም። ለምን እንደሆነ ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። ረዳቴ ሲለኝ ደስ ይለኝ ነበር፤ ከዚህ ሌላ ምክንያት አላገኘሁም።

የአክስታችን ልጅ አንድ ጊዜ «እግሯን ጣውላ ላይ አጣብቀህ አትገላገልም?» ብሎት ነበር። ጋሼ «በሙጫ የቆመ ቆመ አይባልም» አለው። ይህን ከሰማሁ በኋላ መናገሩ ይብስ ከበደኝ።

ዓርብ ከሰዓት ቀለም ቀባት። መስኮቶቿን አስቀድሞ በምላጭ በተቆራረጠ የወረቀት ፕላስተር ሸፍኗቸዋል፤ ቀለም እንዳይነካቸው። አረንጓዴ የዘይት ቀለም በቤንዚን አቅጥኖ ሁለት ጊዜ አለበሳት። ከዚያ ወጥ ቤት ገብቶ አንድ ጎድጓዳ ሳህን አመጣና አቧራ እንዳይገባት ደፋባት።

«ነገ ከገበያ ስመለስ ፕላስተሩን እናነሳለን፣ እግሯንም እንተክላለን» አለኝ። «ቢበዛ እሁድ ጠዋት። ከዚያ ካለፈ የፕላስተሩ ሙጫ መስኮቱን ይዞ አይለቅም፤ ሲነሳም ቀለሙን ይዞ ነው የሚነሳው።»

«ጋሼ…» አልኩት።

«እ?»

«ምንም።»

«ምንም ከሆነ መጥረጊያውን አምጣ።»

ነገ እግሯን ስንተክል እነግረዋለሁ ብዬ አሰብኩ። ጠረግኩ።

ስለ ቅዳሜ ብዙ መጻፍ አልችልም። ጎረቤት ወረዳችን ጋዝጊብላ የገበያ ቀን ነበር። ጋሼ እንደ ሁልጊዜው የመጠገኛ ቦርሳውን ይዞ ጎህ ሲቀድ በጭነት መኪና ሄደ። ቁልቁለቱ ላይ መኪናው ተገለበጠ። ከቀትር በፊት ሰው መጥቶ ነገረን። በዐሥር ሰዓት ቀበርነው። ሌላው ነገር እየተቆራረጠ ነው የሚመጣልኝ።

አንድ ነገር ግን ሙሉውን አስታውሳለሁ። ከቀብር ስንመለስ ቤቱ ሞልቷል። ለለቀስተኛው ምግብ ማቅረቢያ ዕቃ አነሰና አክስቴ ሱቁ ውስጥ ገብታ ዙሪያውን ስትቃኝ የተደፋውን ሳህን አየችው። እጇን ስትዘረጋ «አይነሳ!» ብዬ ጮህኩ። ከተነገረኝ ጀምሮ ከአፌ የወጣው የመጀመሪያ ቃል ይኸው ነው። ውጭ ያሉት ሰዎች ወደ ሱቁ ዞሩ። አክስቴ አየችኝና «እሺ የኔ ልጅ፣ እሺ» ብላ እጇን ሰበሰበች። ምን እንዳለ አልጠየቀችኝም።

እሁድ ጠዋት ከሱብሂ ሶላት በኋላ ሰው የለቅሶው ድንኳን ውስጥ ተቀምጦ ቁርኣን ይቀራል። እኔም እዚያ መሆን ነበረብኝ። ሱቅ ገብቼ በሩን መለስ አደረግኩና ሳህኑን አነሳሁ።

ቀለሙ ደርቋል። አንድም አቧራ የለበትም። በወረንጦ የመጀመሪያውን ፕላስተር ጫፉን ይዤ ቀስ ብዬ ሳብኩት። ሁለት ጊዜ አቁሜ እንደገና ጀመርኩ። መስኮቱ ጥርት ብሎ ወጣ፤ ከውስጥ ሁለቱ አብራሪዎች ታዩ። አንዱ ጥግ ላይ ብቻ ቀለም ትንሽ ሾልኮ ገብቷል። ጋሼ ቢሆን በስንጥር ይፍቀው ነበር። እኔ አልነካሁትም። ሁሉንም አንስቼ ስጨርስ ሦስቱን እግሮች በሱፐር ግሉ ተከልኩ። ትንሽ ጠበቅኩና ጠረጴዛው ላይ አቁሜ ለቀቅኳት።

አፍንጫዋ ወደ ላይ ተነሳ። ጭራዋ ጠረጴዛውን ቋ አደረገው።

እንደምትቀመጥ አውቅ ነበር። ግን እንጃ፣ ትቆም ይሆናል ብዬ ነበር መሰለኝ። ያኔ ነው ያለቀስኩት። በቀብሩ ላይ አላለቀስኩም።

በሩ ተከፈተና አጎቴ ገቡ። አባታችን ከሞተ ወዲህ የቤቱ ትልቅ ሰው እሳቸው ናቸው። የጋሼን ሥራ አይወዱትም፤ «ሚስት ሳያገባ መጫወቻ የሚገዛ» ይሉት ነበር። ጠረጴዛውን አዩ፣ እኔን አዩ።

«ሰው ይጠይቅሃል። ዛሬም ይሄው ነው?»

«ፕላስተሩ ዛሬ ካልተነሳ ይበላሻል ብሎኝ ነው አጎቴ።»

«አነሳኸው?»

«አነሳሁት። ግን አትቆምም።» ከዚያ በኋላ አፌ አልተዘጋልኝም። «እኔ ነኝ። አፍንጫዋ ውስጥ የሚገባ ብይ ሰጥቶኝ ነበር፤ አስገባህ ሲለኝ አዎ አልኩት። አላስገባሁም። ልነግረው ነበር። ቅዳሜ ልነግረው ነበር።»

አጎቴ የደንበኞቹ ወንበር ላይ ተቀመጡ።

«ብዮቹ የት አሉ?»

«ኪሴ ውስጥ።» ሦስት ሳምንት ሙሉ ሱሪ በቀየርኩ ቁጥር ወደ አዲሱ ኪስ አዛውራቸው ነበር።

«ታዲያ አስገባቸዋ።»

«መበሳት አለባት። እሱ የቀባው ቀለም ይበላሻል።»

«ከላይ ነው ከታች?»

«ከታች፣ ከአፍንጫዋ ሥር።»

«በል እኔ ልያዝልህ» አሉና ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው መለሱ። ገልብጠው በሁለት እጃቸው ያዟት፤ እንደ እንቁላል። «እንዳታቃጥለኝ ብቻ።»

የጋሼን የብየዳ ካውያ ሰካሁ። ሲግል ጫፉን ከአፍንጫዋ ሥር አስጠጋሁት። ፕላስቲኩ ሸተተ፤ የእሱ አረንጓዴ ቀለም ዙሪያውን ተጨማደደ። ማየት ከበደኝ፤ ግን አላቆምኩም። ቀዳዳውን በምላጭ አሰፋሁና ብዮቹን እያንዳንዳቸውን ሙጫ እያስነካሁ ከተትኩ። ከአምስተኛው በኋላ አጎቴ ቀና አድርገው አቆሟት። ተቀመጠች። ከስድስተኛው በኋላም ተቀመጠች።

በሰባተኛው አፍንጫዋ ቀስ ብሎ ወረደ። የፊት እግሯ ጠረጴዛውን ነካ፤ እዚያው ቀረ። አጎቴ እጃቸውን ከአጠገቧ አላነሱም። ቆይተው አነሱ።

«ቆመች» አሉ።

የቀሩትን ሁለቱንም አስገባኋቸው። የሰጠኝ ዘጠኝ ነበር። ቀዳዳውን በአንድ ቁራጭ ፕላስተር ዘጋሁት፤ ቀለም አልቀባሁበትም። አጎቴ «አላህ ሶብር ይስጥህ» ብለውኝ ወደ ድንኳኑ ሄዱ። እኔ ካውያውን ነቀልኩ፣ ወረንጦውን ጋሼ በሚያኖርበት ቦታ መለስኩ። ከዚያ ሳህኑን አጥቤ ወጥ ቤት ወሰድኩና ለአክስቴ ሰጠኋት።