ከጋፋት የመጣው «የሰማይ ድንጋይ»

ዛሬ ጠዋት በርእሰ መምህራችን ጠረጴዛ ላይ በነጭ ጨርቅ የተቀመጠውን «ከሰማይ የወደቀ ድንጋይ» አንድ ሽማግሌ አይተው ከት ብለው ሳቁ።

ደብረ ታቦር የስምንተኛ ክፍል ሳይንስ አስተምራለሁ። ባለፈው ሳምንት ሳፋ ላይ አመድ ነስንሼ፣ ጠጠር እየጣልን፣ ከሰማይ የሚወድቅ ድንጋይ መሬት ላይ እንዴት ጉድጓድ እንደሚያወጣ ለተማሪዎቼ አሳየኋቸው። «ጥቁር፣ ከባድ፣ ማግኔት የሚስበው ድንጋይ ላመጣ አምስት ነጥብ!» አልኩ።

ትናንት ብርቱካን የምትባል ተማሪዬ ከጋፋት አንድ ይዛ መጣች። ጥቁር ነው፣ ይከብዳል፣ ማግኔቱም ጥብቅ አለበት።

ሳላመነታ «ከጠፈር ነው!» ብዬ ፈረድኩ። ከድንጋዩ ጋር ፎቶ የተነሳሁትም እኔው ነኝ። (አግኚዋ ክፍል ውስጥ ነበረች።)

ዛሬ አያቷን ለምስጋና ጠራናቸው።

«አባቴ፣ የት ወድቆ አገኛችሁት?» አልኳቸው።

«ኧረ ልጄ፣ ይኼ እኮ የብረት አር ነው! ድሮ ለንጉሡ መድፍ ሲያቀልጡ የጣሉት ዝቃጭ። ማሳዬን ሞልቶ ማረሻ ይሰብርብኛል። ከፈለጋችሁ በአህያ ላስጭንላችሁ?»

ርእሰ መምህሩ ጨርቁን አጣጠፈ።

ክፍል ገብቼ መሳሳቴን ተናገርኩ። ብርቱካን እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ነጥቤ ይነሳል?»

«አይነሳም። ያልኩትን ነው ያመጣሽው።»

ትንሽ አሰበችና፣ «እርስዎስ ስንት አገኙ?» አለችኝ።

ክፍሉ በሳቅ ተናወጠ።

መምህራን ወዳጆቼ፣ እናንተስ ተማሪ ፊት በሙሉ ልብ ተናግራችሁ ያፈራችሁበት ቀን የለም? ብቻዬን እንዳልሆን ጻፉልኝ።