ቁጣ ያስወጣው ካሜራ

አክስቴ የትምህርት ቤት በር ጠባቂ ናት። ያረፈደ ሁሉ፣ ርእሰ መምህሩም ቢሆን፣ ሳይጠየቅ አያልፍም፤ ለዚህ ነው ሰፈርተኛው «መቀርቀሪያ» የሚላት። ቱግ ለማለት ጊዜ አይፈጅባትም። በሷ ስንቴ እንዳፈርኩ እኔ ነኝ የማውቀው።

የልቧ ቫልቭ፣ ደም የሚያሳልፈው በር፣ ጠቦ በቀዶ ጥገና ሊቀየርላት ሆስፒታል ተኛች። ዋናው ሐኪም የልቧን የራጅ ፊልም አየና አንዱ የልቧ ደም ሥርም መጥበቡን፣ ግን «ግማሽ ብቻ» ስለሆነ እንደማይነካ ነገራት። እሱ ሲሄድ ወጣቱን ሐኪም ያዘችው። ፊልሙ የሚያሳየው ጥላውን ነው፣ ቁርጡ የሚታወቀው በቀጭን ቱቦ ካሜራ ገብቶ ከውስጥ ሲታይ ነው አላት፤ ብሶ ከተገኘም ደረቷ እንደተከፈተ አብሮ ይሠራል። ካሜራው የለም ወይ ብትለው፣ አለ፣ ግን የሚወጣው ዋናው ሐኪም ሲፈቅድ ነው አላት። ለማን እንደሚፈቀድ ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም።

አጠገቧ የተኛችው ልብስ አጣቢ ሕመሟም ያው፣ የተባለችውም ያው «ግማሽ ብቻ» ነበር። «እናንተ ታውቃላችሁ» ብላ ዝም አለች። ነርሶቹ ጨዋነቷን አውርተው አይጠግቡም።

ጠዋት አክስቴን ሊወስዷት ሲመጡ የአልጋውን ብረት ጨብጣ ተቀመጠች።

«ደረቴ የሚከፈተው አንዴ ነው። ሳታዩት አላስከፍትም!»

ኮሪደሩ ሁሉ ሰማ። ሰው ምን ይላል ብዬ ለመንኳት።

«ሰው ቀብሬ ላይ ይበል» አለችኝ።

ዋናው ሐኪም ተናዶ ተራዋን ለልብስ አጣቢዋ ሰጠባት። አክስቴ ግን በየቀኑ ጮኸች፤ ሲሰለቻቸው ካሜራውን ከቁም ሣጥን አወጡት። ግማሽ የተባለው ደም ሥር ለካ ሊዘጋ ምንም አልቀረውም። ቫልቩን ቀየሩላት፣ ከእግሯ ደም ሥር ወስደውም ለልቧ አዲስ መንገድ ሠሩላት።

ከማደንዘዣው ነቅታ መናገር ስትችል መጀመሪያ የጠየቀችው ልብስ አጣቢዋን ነው። የሴትዮዋ ልብ ከቀዶ ጥገናው በኋላ ቆሞ ነበር። ያው ሳይታይ የቀረው ደም ሥር ነው ተዘግቶ የገደላት። ካሜራው እዚያው ክፍል ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎ እያለ!

ዋናው ሐኪም ለጉብኝት ሲመጣ እየሳቀ «እማማ፣ ቁጣዎ አዳነዎት» አላት።

«እሷን ታዲያ ምን ገደላት? ጨዋነቷ?»

እሱ ወደ ቀጣዩ አልጋ ዞሮ የአዲሷን በሽተኛ ፊልም ወደ ብርሃኑ አነሳና «ግማሽ ብቻ ነው» አለ።

አክስቴ ብርድ ልብሱን ገፋች። እንደ ልማዴ ክንዷን ያዝኳት። ከዚያ ለቀቅኳት።