ያልተቆጠረው ቆርቆሮ

ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ልብ ያረጋጋል፣ እንቅልፍ ይጋብዛል ይላሉ። ውሸት ነው። እንዲህ የሚሉት ጣራቸው ሙሉ በነበረ ቤት ያደጉ ሰዎች ናቸው። እኔ ዛሬ ኮዬ ፈጬ፣ ከበላዬ ሌላ ሰው በሚኖርበት ኮንዶሚኒየም ውስጥ ተኝቼ እንኳ፣ ከግቢው ጥግ ባለችው የዘበኛ ቤት ቆርቆሮ ላይ የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች ሲያርፉ ስሰማ ጆሮዬ ሌላ ድምፅ መጠበቅ ይጀምራል፤ ዝናብ ሸራ ላይ ሲወርድ የሚሰማውን ያን የታፈነ ድብደባ። እንቅልፍ አይደለም የሚመጣብኝ። ፊቴ ይግላል።

ቤታችን አቃቂ፣ ከባቡር ጣቢያው ብዙም ሳይርቅ፣ ጥቁሩ አፈር በክረምት ጫማ ከእግር በሚነጥቅበት ሰፈር ውስጥ ነበር። አባዬ የጣቢያው የጭነት ሠራተኛ ነበር፤ ነጋዴዎች ይዘናል የሚሉትን ዕቃ እየመዘነ፣ ከቃላቸው ጋር እያስተያየ ያሳልፍ ነበር። በአጭሩ፣ ሰው የሚናገረውን አለማመን ደመወዝ የሚከፈልበት ሥራው ነበር። ቤት ሲመጣ ኮፍያውን ግድግዳው ላይ ይሰቅል ነበር፤ ጥርጣሬውን ግን ይዞት ይተኛ ነበር።

አሮጌው ጣራችን ዝጎ ወንፊት በሆነበት ዓመት፣ በጋው ሳያልቅ አዲስ ቆርቆሮ ሊያለብሰው ቆረጠ። አናጢው ጋሽ ገመቹ ነበሩ። ባቡሩም ፋብሪካውም ከመምጣቱ በፊት እዚያው መሬት ላይ ያርሱ ከነበሩ ሰዎች የተወለዱ፣ ሲስቁ ትከሻቸው የሚንቀጠቀጥ፣ ረጅም ሰው ነበሩ። ለእኛ ግን ከአናጢም በላይ ነበሩ፤ ሚስታቸው እትዬ ዘውዴ ክርስትና ያነሱኝ እናቴ ስለሆኑ ሁለቱ ቤተሰቦች አበልጅ ነበሩ። አባዬና ጋሽ ገመቹ በስም ተጠራርተው አያውቁም፤ ሁልጊዜ «አበልጅ» ነው።

በሰፈራችን የጣራ ግምት እንዲህ ነበር የሚሠራው። አናጢው ግድግዳውን በሲባጎ ይለካል፣ ለጣራው ቁልቁለት፣ አንዱ ቆርቆሮ በሌላው ላይ ለሚደራረበው፣ ከግድግዳው ውጪ ለሚወጣው ያስባል፣ ከዚያ ባለቤቱ እንደሚቀንስበት ያውቃልና ትንሽ ይጨምራል፤ ባለቤቱም አናጢው እንደሚጨምር ያውቃልና ትንሽ ይቀንሳል፤ ሁለቱ ውሸቶች ተካክሰው ቤቱ በደንብ ይከደናል። ይህን ሥርዓት የሚያወግዝ ይኖራል፤ እኔ አላወግዝም፤ ስንት መሥሪያ ቤት በዚሁ ሲተዳደር አይቻለሁ። የእኛን ጣራ ያበላሸው ጋሽ ገመቹ ምንም አለመጨመራቸው ነው። በአበልጅ ላይ አይጨመርም።

«ይኼ ልኩ ነው አበልጅ» አሉት ሲባጎውን እየጠቀለሉ፤ «እኔ አልጨመርኩም፣ አንተም እንዳትቀንስ።»

ከወጡ በኋላ አባዬ ሳቀ። «ልክ አይደለም የሚል አናጢ ሰምተሽ ታውቂያለሽ?» አላት እማዬን።

«አበልጅህ እኮ ነው፣ ሰውዬ።»

«አበልጅ ቢሆንስ? አናጢ አይደለም?»

እናም ቀነሰ። እማዬ ሰማች፣ እኔም አጠገባቸው ተቀምጬ ሰማሁ።

ቆርቆሮው በባቡር መጥቶ ከጣቢያው በጋሪ ደጃችን ሲራገፍ ጋሽ ገመቹ ቆመው ነበር። አልቆጠሩም። የአበልጅን ዕቃ በፊቱ ቆጥሮ መረከብ ነውር ነው። አባዬም ቀንሻለሁ አላላቸውም፤ ቃልህን ተጠራጥሬአለሁ ብሎ ለአበልጅ መናገርም ነውር ነው። ሁለቱ ሰዎች አንዱ ሌላውን ላለማሳፈር ሲጠነቀቁ፣ ቆርቆሮው ግድግዳ ተደግፎ፣ ማንም ሳይቆጥረው፣ የሥራውን ቀን ሲጠብቅ ከረመ።

ጣራ የሚመታበት ቀን በሰፈራችን እንደ ትንሽ ሠርግ ነበር። ግንቦት ላይ፣ ሰማዩ ሳይጠቁር፣ ጎረቤቱ ሁሉ ተጠርቶ መጣ፤ እማዬ ጠላ ጠምቃ፣ ንፍሮ ቀቅላ ታስተናግድ ነበር፤ ጋሽ ገመቹ ከአንድ ረዳት ጋር ማገሩ ላይ ወጥተው ከጓሮ በኩል ጀምረው እየመቱ፣ እየቀለዱ፣ ወደ ሳሎኑ ይመጡ ነበር። ሳሎኑ ላይ ሲደርሱ መዶሻው ቆመ።

«አበልጅ፣ የቀረውን አቀብሉን እንጂ» አሉ ከላይ።

«የቱን የቀረ?» አለ አባዬ።

ሁሉም ቀና አለ። ከእንግዳ መቀበያችን በላይ ሰፊ ሰማይ ተከፍቶ ነበር። ጎረቤታችን ወይዘሮ አስካለ፣ አፋቸው የማያርፍ፣ ጠላቸውን እንደያዙ «ተዉት እባካችሁ፣ እንግዳ ኮከብ እያየ ይጫወታል!» ሲሉ ግቢው በሳቅ ፈረሰ። ያ ሳቅ ባይኖር ኖሮ ምናልባት ሁሉም ነገር ሌላ ይሆን ነበር። የአባዬ አንገት ሲቀላ አየሁት።

«ስንት አመጣህ?» አሉት ጋሽ ገመቹ።

«ያልከኝን።»

«ያልኩህን ካመጣህ አይጎድልም።»

«ታዲያ እግር አወጣ? እዚህ ሲገባ ሲወጣ የከረመ ሌላ ማን አለ?»

ጋሽ ገመቹ መጀመሪያ የገባቸው አልመሰለኝም። ሲገባቸው መዶሻውን ቀስ ብለው አስቀመጡ። «ቆርቆሮህ ያውልህ፣ ጣራው ላይ ነው። ከቆምክበት ሆነህ ቁጠረው። እኔ ያልኩህን ታውቃለህ፤ ቁጠር።»

ሌላ ምንም አያስፈልግም ነበር። ግቢው መሐል ቆሞ፣ ጣቱን ቀስሮ፣ አንድ ሁለት ማለት ብቻ። አባዬ ግን ከቆጠረ የሚወጣው ቁጥር ያመጣው ቁጥር ነው፤ አበልጁን ተጠራጥሮ መቀነሱ፣ «ያልከኝን» ማለቱም ውሸት መሆኑ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ሊወጣ ነው።

«በገዛ ቤቴ ሰው ሰብስበህ አታስቆጥረኝም!» ብሎ ጮኸ። «ሌባ ከጣራዬ ላይ ይውረድ!»

እማዬ የጠላውን ማንቆርቆሪያ እንደያዘች መሬት መሬቱን ታይ ነበር። እኔም ዝም አልኩ። ልጅ በትልቅ ሰው ወሬ አይገባም የሚባለው ደንብ ለፈሪ ሁሉ እንዴት እንደሚመች ያን ቀን ተማርኩ። ጋሽ ገመቹ ወርደው ዕቃቸውን በጆንያ ሰበሰቡና፣ «እሺ፣ አቶ ታደሰ» አሉት። አበልጅ መባል በዚያ ቀረ።

ክረምቱ ገባ። አባዬ ከጣቢያው ያረጀ የጭነት ሸራ አምጥቶ ክፍተቱ ላይ ወጠረው። ሸራው ውኃ ያቁር ነበር፣ ሲሞላ ይዘረግፈው ነበር፤ ሳሎኑ ውስጥ ሳፋና ባልዲ እያንቀሳቀስን፣ አልጋ እየጎተትን እንከርም ነበር። የእማዬ ወንድም መጥቶ፣ «ጥቂት ቆርቆሮ እኮ ነው፣ ከመርካቶ ይዤልህ ልምጣ?» ቢለው፣ አባዬ፣ «የሰረቀው ይመልሳል እንጂ እኔ አልገዛም!» ብሎ አባረረው። ሰፈሩ «ባለ ሸራው ቤት» ይለን ጀመር፤ ይኼ ባልከፋ። የከፋው በጋሽ ገመቹ የደረሰው ነው። እሳቸውን ጠርቶ የሚያሠራ ሰው ቆርቆሮውን በፊታቸው እየቆጠረ ያስረክባቸው ጀመር፤ ሌላው ጭራሽ አልጠራቸውም። እሳቸው ለወትሮው ከግንቦት እስከ ሰኔ ከጣራ ጣራ ሲሉ የሚከርሙት ሰውዬ፣ ደጃቸው ላይ በርጩማ ሲልጉ ይታዩ ነበር።

ለቡሄ የክርስትና እናት ለልጇ ሙልሙል ታመጣለች። አይመጡም ብዬ ነበር፤ ደግሞም እንዳይመጡ ጸልዬ ነበር። እትዬ ዘውዴ በዝናብ፣ ነጠላቸውን ተከናንበው መጡ። እማዬ፣ «ይግቡ እንጂ፣ እንዴት ደጅ ይቆማሉ» አለቻቸው። ከኋላዋ ሳፋው ውስጥ ውኃ ጠብ ጠብ ይል ነበር። እትዬ ዘውዴ ከደፉ አላለፉም። «ለልጄ ነው የመጣሁት» ብለው ሙልሙሉን በእጄ አስያዙኝ፣ ግንባሬን ሳሙኝ፣ ሄዱ። ሙልሙሉ ገና ትኩስ ነበር። ሁሉም እያዩኝ አልበላሁትም፤ ጓሮ ሄጄ በላሁት።

መስከረም ጠብቶ ሰማዩ ሲጠራ፣ አንድ ጠዋት አባዬን ከቤቱ ጀርባ ቆሞ አየሁት። ብቻውን ነበር። አንገቱን ወደ ጣራው ቀና አድርጎ፣ ጣቱ በአየር ላይ ይሄዳል፣ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ጨረሰና ከሌላው ጫፍ ደግሞ ጀመረ። እማዬ ከበሩ ብቅ ብላ አየችው፤ ተመልሳ ገባች።

በዚያው ሳምንት፣ ልጅ ያለሰልሳል ብሎ ነው መሰለኝ፣ እጄን ይዞኝ ወደ ጋሽ ገመቹ ቤት ሄደ። በዋናው መንገድ አልሄድንም፤ በባሕር ዛፎቹ ውስጥ ዞረን በጓሯቸው ገባን። ጋሽ ገመቹ በርጩማ እየላጉ ነበር፤ አልተነሱም።

«አበልጅ» አለ አባዬ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፤ «ተሳስቻለሁ።»

«ምን አሉ? ጮክ ይበሉ እስቲ። ሌባ ሲሉኝ እኮ እስከ ሐዲዱ ይሰማ ነበር።»

«ተሳስቻለሁ፤ ይቅር በለኝ። ምን ላድርግ?»

ጋሽ ገመቹ ቀና አሉ። እንዲህ ደክሟቸው አይቻቸው አላውቅም። «የሰደቡኝ በሰው ፊት ነው፤ ይቅርታውን በጓሮ ይዘውልኝ መጡ? እሑድ የእድሩ ስብሰባ አለ። እዚያ ተነሥተው አልሰረቀም ይበሉልኝ። ቆርቆሮም፣ ካሣም፣ ምንም አልፈልግም።»

«እሺ» አለ አባዬ። «እሺ፣ እሺ።»

እሑድ ኮቱን ለብሶ ሄደ። ሲመለስ እማዬ በር ላይ ጠበቀችው። «አልክላቸው?»

«ዛሬ ጉዳዩ በዝቶ ነበር» አላት።

በየወሩ ጉዳዩ ይበዛ ነበር። ጥቅምት ላይ ከሌላ ሰፈር አናጢ ጠርቶ ክፍተቱን አስከደነው፤ የተጨመረው ቆርቆሮ ከቀሪው ይልቅ ያበራ ስለነበር፣ በባቡሩ የሚያልፍ ሰው ሁሉ የቱ ጋ ጎድሎ እንደነበር ያውቅ ነበር። ጋሽ ገመቹ እድሩን ተዉት። ቆይተውም ሰፈሩን ለቀው፣ የሚያውቃቸው በሌለበት፣ በእንጨት ተሸካሚነት ሠሩ ሲባል ሰማን።

ዓመታት አልፈው፣ ባቡሩም እየቀረ፣ ጣቢያው ሣር እያበቀለ ሲመጣ፣ ጋሽ ገመቹ ሞቱ። ቀብራቸው ላይ እንደ አባዬ ያለቀሰ ማንም አልነበረም፤ ደረቱን እየመታ፣ «አበልጄ! አበልጄ!» እያለ፣ ሰው ደግፎ እስኪይዘው ድረስ። «እንዴት ይዋደዱ ነበር!» አለች አንዲት አጠገቤ የቆመች ሴት። እትዬ ዘውዴ ወደ እሱ ጠጋ አሉና፣ በቀስታ፣ «ይበቃዎታል አቶ ታደሰ፣ ሰው ሰምቶልዎታል» አሉት።

በቅርቡ እኔም ቤቴን ሴራሚክ አስነጠፍኩ። ወጣቱ ሠራተኛ ካርቶኖቹን ደርድሮ፣ «ነይ እናቴ፣ አብረን እንቁጠር፣ ነገ እንዳንጣላ» አለኝ፤ ቆጠርን፣ በስልኩም ፎቶ አነሳው። ጎረቤቴ፣ ደግ ሽማግሌ፣ ይህን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። «የድሮ ሰው ይሉኝታ ነበረው፤ አሁን መተማመን ጠፋ» አሉኝ። ያ ልጅ ግን ከእኔ ጋር ቆጥሮ፣ ሥራውን ጨርሶ፣ ሻይ ጠጥቶ፣ እየሳቀ ወጣ። ስሙም ሳይጎድፍ ከእሱ ጋር ወጣ። በልጅነቴ ቤት እንዲህ የወጣ አናጢ አላየሁም።

በሰው ፊት ያዋረዳችሁት ሰው ካለና እውነቱ ኋላ ከገባችሁ፣ ይህን ማንበብ አቁሙ። ያኔ የሰሙትን ሰዎች ሰብስቡና፣ እሱ ባለበት፣ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ ንገሩለት። ዛሬ አድርጉት፤ ቀብሩን አትጠብቁ።