ከአዛን እስከ ኢቃማ

ካርቱም ውስጥ ሐበሻ ሴት ስትሮጥ ያየ ሰው ሁለት ነገር ነው የሚያስበው፤ ወይ ሰርቃለች፣ ወይ ከአሠሪዎቿ ጠፍታለች። ሦስተኛ ነገር የሚያስብ ሰው አልገጠመኝም። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ስሮጥ የዳቦ ፌስታል በእጄ እይዝ ነበር። ባዶ እጇን የምትሮጥ ሌባ ናት፤ ፌስታል ይዛ የምትሮጥ ግን ዳቦ ያለቀባት ሠራተኛ ናት፣ ማንም ዞር ብሎ አያያትም። ይህን ዘዴ ሰው አላስተማረኝም፤ ቂም ነው ያስተማረኝ።

ቂሙ የጀመረው አንድ ጁምዓ ጠዋት ነው። ቡሪ ሰፈር ውስጥ አንድ ትልቅ ቤት ተቀጥሬ እሠራ ነበር፤ ሦስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። የቤቱ ትልቋ ልጅ የጥርስ ሐኪም ናት፤ ሁላችንም ዶክቶራ ነው የምንላት። ዶክቶራ በየጁምዓው ከጓደኞቿ ጋር በሻሪዕ አል-ኒል፣ በወንዙ ዳር መንገድ፣ አምስት ኪሎ ሜትር ሄዳ አምስት ትመለሳለች። የምር ሯጮች አይደሉም። አንዱ ባንክ ይሠራል፣ አንዷ ታስተምራለች፣ አንዱ ቦርጭ እንዲቀንስለት ነው የመጣው። ግን እያንዳንዳቸው በልባቸው የያዙት ቁጥር አለ። የዶክቶራ ቁጥር አንድ ሰዓት ነበር፤ አሥሩን ኪሎ ሜትር ከአንድ ሰዓት በታች መግባት። ሁለት ዓመት ለፍታ የደረሰችው አንድ ሰዓት ከሁለት ደቂቃ ላይ ነው። እነዚያ ሁለት ደቂቃዎች እንደ ሟች ዘመድ ምሳ ላይም እራት ላይም ይነሱ ነበር።

እኔን ይዛኝ የምትሄደው ሰዓት እንድይዝላት ነው። በዚያ ሰሞን በሞተር እየመጡ ስልክ ነጥቀው የሚበሩ ወጣቶች ከተማውን አስመርረውት ነበር። የእኔንም ከጆሮዬ ላይ መንጭቀው ወስደውብኛል፤ ከዚያ ወዲህ ስልክ የለኝም። ዶክቶራ በእኔ ተማረችና ስልኳን ይዛ መሮጥ ተወች። የእጅ ሰዓትም አታስርም፤ «ሰዓት ካየሁ ትንፋሼ ይጠፋል» ትላለች። እኔ ስልኳን አባያዬ ውስጥ ሸጉጬ መነሻው ላይ እቆማለሁ። ስትነሳ በአውራ ጣቴ እነካዋለሁ፣ ስትመለስ እነካዋለሁ። ውሃዋንም እይዛለሁ።

ያን ጁምዓ የባንኩ ሰውዬ «ይህች ሐበሺያ ለምንድን ነው የማትሮጠው? እነሱ እኮ ዓለምን ያሸነፉ ሰዎች ናቸው» አለ። ሁሉም ዞረው አዩኝ። «ያላ! እስከዚያ ዛፍ ሩጪ እስኪ» አሉኝ። እኔ የኮምቦልቻ ልጅ ነኝ። አገሬን በሩጫ ያስጠሩት ብዙዎቹ ከአርሲ ናቸው፤ እኔ አውቶቡስ ሊያመልጠኝ ሲል ካልሆነ በቀር ሮጬ አላውቅም። ግን ለሱዳን ሰው አርሲና ወሎን ማን ይለይለታል? አባያዬን ሰብስቤ በነጠላ ጫማ ሮጥኩ። ዛፉ ጋ ሳልደርስ ጎኔን ወጋኝና ቆምኩ። አንዱ ጫማዬ መንገድ ላይ ቀርቷል።

ሳቁብኝ። የእነሱ ሳቅ አይደለም የቆጠቆጠኝ። ሦስት ዓመት ያጠብኩላት፣ የተኮስኩላት፣ ስታስመልስ ግንባሯን የያዝኩላት ዶክቶራ ናት «ሐበሺያ መግሹሻ!» ብላ የጮኸችው። መግሹሽ ሱዳኖች ውሃ የገባበትን ወተት፣ ስኳር የተቀላቀለበትን ማር የሚጠሩበት ቃል ነው። የተበረዘች ሐበሻ ማለቷ ነው። ቃሉን ሁሉም ወደዱት። ከዚያ ወዲያ ጁምዓ ጠዋት ስንደርስ ሰላምታው «መግሹሻ መጣች» ሆነ። ስሙ ቤትም ተከትሎኝ ገባ፤ እናትየው እንኳ ሻይ ሲያምራቸው «ያ መግሹሻ» ብለው ይጠሩኝ ጀመር።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። እኔ ፊት ለፊት እስቃለሁ፣ ሻዩን እቀዳለሁ፣ ሆዴ ውስጥ ግን ሌላ ነው። አንድ ነገር ብቻ ፈለግኩ። ያን ሁለት ዓመት የለፋችበትን አንድ ሰዓት፣ እነዚያ የሳቁት ሁሉ እያዩ፣ ቀድሜያት ልነጥቃት። ይቅርታ ብትጠይቀኝም የምተወው አይመስለኝም ነበር። ደግሞም አልጠየቀችኝም።

የራሴ የምለው ጊዜ ከሱብሒ አዛን እስከ ቤተሰቡ መነሳት ያለችው ብቻ ናት። መስፈሪያ ሰዓት የለኝም፤ የሳሎኑም ሰዓት ከቆመ ቆይቷል። ያለኝ የሰፈራችን መስጊድ ነው። ሙአዚኑ አዛኑን ሲጨርስ ከበሩ እወጣለሁ፤ ኢቃማው ሳይባል፣ ማለትም ሰዎቹ ለሶላት ተነስተው ሳይሰለፉ፣ ተመልሼ በሩን መንካት አለብኝ። መንገዱ ከቤት እስከ ወንዙ ዳር፣ ከዚያ ወንዙን ይዞ እስከ አንዲት የተዘጋች ሻይ ቤት፣ ከሻይ ቤቷ ወደ ቤት ነው። ጫማው የዶክቶራ ነበር። አርጅቶባት የጣለችውን አንስቼ፣ ስለሚሰፋኝ ጫፉን ጨርቅ ጠቅጥቄበት፣ በራሷ ጫማ እሷን ላሸንፍ እሮጣለሁ።

መጀመሪያ መጀመሪያ ኢቃማው ገና ወንዙ ዳር ሳለሁ ይደርስብኛል። ስመለስ ደረቴ ይፏጫል፤ ሶላቴን የምሰግደው እግሬ እየተንቀጠቀጠ ነው። ስሮጥ በየእርምጃው «መግ፣ ሹ፣ ሻ» እያልኩ ነበር። ስደክም የዶክቶራን የሳቀ ፊት ፊቴ ላይ አመጣዋለሁ፤ ወዲያው እግሬ ይቀለኛል። ከጎን ያለው ቤት የምትሠራ አንዲት የወሎ ሴት ነበረች፣ በዕድሜ ታላቄ ናት፤ ዳቦ ቤት እየተገናኘን የሆዴን የማዋያት እሷን ብቻ ነው። አንድ ጠዋት ላቤን አይታ ከንፈሯን መጠጠች።

«አንቺ ልጅ፣ ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባላል። ሱብሒሽን ስገጂና አርፈሽ ተኚ።»

«እትዬ፣ አንዴ ልብለጣትና እተኛለሁ» አልኳት።

«ወላሂ ብትበልጫትም አትተኚ!» አለችና ዳቦዋን ይዛ ሄደች።

የጁምዓ ከሰዓት ዕረፍቴ ነው። ፀሐዩ በረድ ሲል ጀብራ ሰፈር ያሉትን የአገሬን ልጆች ልጠይቅ ብዬ በአውቶቡስ እሄድና፣ ስመለስ ከጀብራ እስከ ቡሪ ያለውን መንገድ ፌስታሌን አንጠልጥዬ በሩጫ እገፋዋለሁ። እንዲህ እንዲህ እያልኩ ከረመዷን በፊት ያለው ወር፣ ሻዕባን፣ ሲገባ ኢቃማውን ቀደምኩት። በሩን ነክቼ፣ ውሃ ጠጥቼ፣ ውዱእ አድርጌ ሁሉ ነበር የሚባለው። ደረስኩባት አልኩ፤ ዶክቶራን ደረስኩባት።

ከዚያ ረመዷን ገባ። በመጀመሪያው ቀን አዛን ሲያበቃ ወጣሁ፤ ሻይ ቤቷ ጋ ደርሼ ገና ስዞር ኢቃማ ተባለ። ጆሮዬን አላመንኩም። በማግስቱም እንደዚያው። ሱሁር ላይ፣ ከአዛን በፊት፣ የበላሁት ነው አልኩና ሁለት ተምር በውሃ ብቻ ሆነ ሱሁሬ። ሦስተኛው ቀን አለቀስኩ። ያ ሁሉ ልፋቴ በአንድ ሌሊት ተሟጦ አለቀ፤ ይቺ ሴትዮ እውነትም መግሹሻ ናት አልኩ ራሴን። ከዚያ ንዴቱ መጣ፤ ንዴት መቼም ከምግብ ይበልጣል። ጥርሴን ነክሼ ሃያ ምናምን ቀን ሮጥኩ። ወሩ ሊያልቅ ሲል በሩን ስነካና ኢቃማው ሲጀምር አንድ ሆነ።

ለዒድ ዋዜማ ለዚያች ለወሎዋ ሴት «እትዬ፣ ጾሙ ገደለኝ፤ የሻዕባኑን ያህል እንኳ ቀድሜ መግባት አቃተኝ» ብዬ አማረርኩላት። ነገሩን ስታጣራ ሻሿ ከራሷ እስኪወድቅ ሳቀች።

«አንቺ የኮምቦልቻ ሞኝ! በረመዷን እኮ ኢቃማው ቶሎ ነው የሚባለው። ሰዉ ለሱሁር ነቅቶ ቁጭ ብሏል፤ ማንን ይጠብቁ?»

ዕድሜዬን ሙሉ ሱብሒን ቤቴ የሰገድኩ ሴት፣ በምን አውቄው? አንድ ወር ሙሉ ሰው የቆረጠብኝን ጊዜ ስከተል ኖሬያለሁ። አላህ ሳይደግስ አይጣላም። ከዒድ በኋላ ኢቃማው ወደ ድሮው ሲመለስ፣ በሩን ነክቼ ሁለት ረከዓ ሰግጄ ስጨርስም አልተባለም ነበር።

ከዒድ በኋላ በሁለተኛው ጁምዓ ዶክቶራ ደረጃ ላይ እግሯን ወለም ብሏት መሮጥ አልቻለችም። ሰዎቹን ለማየት ብቻ ሄደች፣ እኔም አብሬ። መነሻው ላይ ስልኩን መልሼ ሰጠኋት።

«ዶክቶራ፣ ዛሬ እኔ ልሩጥ፤ አንቺ ያዢልኝ።»

እግሬ ላይ ያለውን የራሷን ጫማ አየች። «ያላ ያ መግሹሻ!» ብላ ሳቀች፤ ሌሎቹም ሳቁ። ሮጥኩ። ያን መንገድ ሜትር በሜትር አሁንም ዓይኔን ጨፍኜ ልነግራችሁ እችላለሁ። አምስተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ስዞር ከፊቴ ሦስት ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ ከመጨረሻው በፊት የባንኩን ሰውዬ አለፍኩት። መስመሩን ሳልፍ ጉልበቴን ይዤ ወደ መሬት ጎነበስኩ፤ ዓይኔ ላብ እንጂ ሌላ አያይም። የዶክቶራን ድምፅ ሰማሁ።

«ሃምሳ ዘጠኝ ከሃያ! ወላሂ ሃምሳ ዘጠኝ ከሃያ ሰከንድ!»

ቀና ብዬ ፊቷን ጠበቅኩ። ያን ሁሉ ጠዋት የሮጥኩት ለዚያች አንዲት ደቂቃ፣ ፊቷ ሲጠቁር ለማየት ነበር። ፊቷ አልጠቆረም። እያነከሰች መጥታ አቀፈችኝና በትከሻዬ ላይ ወደ ባንኩ ሰውዬ ጮኸች፦ «አላልኩህም? ፊ ደምሃ! ደሟ ውስጥ ነው!»

ደም በሁለቱም ቋንቋ ደም ነው፤ ተርጓሚ አላስፈለገኝም። ሁሉም ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እውነት ነው፣ ሐበሾች ናቸው፣ ደማቸው ነው አሉ። ኢቃማው፣ በጨርቅ የተጠቀጠቀው ጫማ፣ የጀብራ መንገድ፣ ሁለቷ ተምር፣ ሁሉም የእኔ መሆኑ ቀርቶ የደም ሥራ ሆነ። ስሜም ተቀይሮ «በጠላ» አሉኝ። ጀግናዋ ማለታቸው ነው፤ ለእኔ ጆሮ ግን ሙስሊሟን ሴት ጠላ ያጠጡኝ ይመስላል። ብትስቅብኝ ይሻለኝ ነበር። ስትስቅብኝ ቢያንስ የማሸንፈው ነገር ነበረኝ።

የዶክቶራ እግር ሲድን ልምምዷን አጠበቀች። ከአንድ ወር ተኩል በኋላ አንድ ጁምዓ እኔ ስልኩን ይዤ ቆሜ፣ እሷ ከመታጠፊያው ብቅ አለች። ፊቷ ቀልቷል፣ እጆቿ እንደ ልጅ ይወራጫሉ። ስልኩን አየሁ። መስመሩን ስታልፍ ሃምሳ ዘጠኝ ደቂቃ ከሃምሳ አንድ ሰከንድ ይላል። አውራ ጣቴ ስልኩ ላይ ነበር። አልነካሁትም።

ሰከንዶቹ ሲያልፉ እያየሁ ነበር። ሃምሳ አምስት፣ ሃምሳ ስምንት፣ አንድ ሰዓት። አንድ ሰዓት ከስድስት ሰከንድ ሲል ነካሁት። ማንም አላየኝም፤ ሰዓት ያሰረ ሁሉ የራሱን ነው የሚያየው። እውነቱን ልናገር፣ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን የጣፈጠኝ ነገር የለም።

«ከም?» አለችኝ እያለከለከች፣ ስንት ማለቷ ነው። ስልኩን ዘረጋሁላት። አይታው አስፋልቱ ዳር ዘጭ አለች። እንባዋን ጠበቅኩ። በዓይኔ ሙሉ ነው የጠበቅኩት። እሷ ግን ውሃውን ራሷ ላይ አፍስሳ መሳቅ ጀመረች።

«ስድስት ሰከንድ! ደረስኩ እኮ! መዓሌሽ፣ ግድ የለም፣ ለሚመጣው ጁምዓ ኢንሻአላህ።» ከዚያ ፉል የት እንደሚበሉ መነጋገር ጀመሩ።

ለእሷ የሚመጣው ጁምዓ ሁልጊዜ አለ። ዘጠኙም ሰከንድ የተረፋት ሰው ናት፣ ስድስቱም አልጎዳትም። አንጀቴ ቅቤ አልጠጣም። መኪናው ውስጥ ከኋላ ተቀምጬ ስልኩ ጭኔ ላይ ነበር፤ አውራ ጣቴን እያየሁ ሳለ አንድ ነገር መጣብኝ። የእኔንስ ሰዓት የያዘው የማን ጣት ነው?

ስልኩን አላየሁትም። ጎንብሼ ነበር። እሷ ጮኸች፣ እኔ ተቀበልኩ። «ደሟ ነው» የሚለው ወሬዋ እንዲያምርላት ቀድማ ነክታው ቢሆንስ? ወይም እንደ እኔ አዘግይታው፣ እኔ ከዚያም ፈጥኜ ቢሆንስ? ፊቷ ላይ ክፋት አላየሁም። ግን የእኔስ ፊት ላይ ማን አየ? እንዳልጠይቃት የራሴን ተንኮል ማውጣቴ ነው። ከዚያ ቀን በፊት ይህ ሐሳብ ሊመጣብኝ አይችልም ነበር፤ ሰው በስልክ ላይ እንዴት እንደሚዋሽ አላውቅማ።

ዶክቶራ ከፊት ወንበር ዞር አለች። «ያ በጠላ፣ ለሚመጣው ጁምዓ አንቺም ሩጪ። እኔ እይዝልሻለሁ።»

«እግሬን አሞኛል» አልኳት።

በብርዱ ወራት ከአንድ ሰዓት በታች ገባች፤ ያኔ በትክክል ነካሁላት። ቆይቶ ጦርነቱ መጣ፣ እነሱ በአንድ መንገድ እኔ በሌላ መንገድ ወጣን። አሁን ሰው ሲጠይቀኝ አሥር ኪሎ ሜትር ከአንድ ሰዓት በታች ሮጬ አውቃለሁ እላለሁ። እላለሁ እንጂ አላውቅም።