ሁለተኛውና ሦስተኛው ክምር

በማተሚያ ቤቱ ጥራዝ ክፍል ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርታለች። ወረቀት ስታጥፍ ያያት ሰው ጣቶቿ ዓይን ያላቸው ይመስለው ነበር። አዲስ የሚቀጠሩ ሴቶችን የሚያሠለጥኑት እሷ አጠገብ አስቀምጠው ነው፤ «እሷን እያየሽ ሥሪ፣ አትጠይቂያት፤ መናገር አትችልበትም» ይሏቸው ነበር። በሥራ ቦታዋ የምትታወቀው በእጇ ነው። በቤቷ ግን የምትታወቀው በአንድ ስህተት ነበር።

ባሏ እዚያው ማተሚያ ቤት ፎቅ ላይ አራሚ ነበር። የሌላውን ሰው ጽሑፍ በቀይ እስክሪብቶ ሲቧጭር ይውላል፣ ባልደረቦቹም «ቀዩ» ይሉታል። ከሥራ ሲመለስ የራሱን ግጥም ይጽፋል። አሥር ዓመት ሙሉ የጻፈውን ሰብስቦ አንዲት ቀጭን መጽሐፍ ላሳትም ሲል አለቃው ቅዳሜ ከሰዓት ማሽኑን ፈቀዱለት፣ ባልደረቦቹ አተሙለት። መጠረዙ የሚስቱ ድርሻ ሆነ። እሷም ደስ ብሏት ነው የተቀበለችው፤ ለሱ ያላትን ነገር በአፏ ተናግራ አታውቅምና በእጇ ልትነግረው ነበር።

ሥራው እንዲህ ነው። በአንድ ትልቅ ወረቀት ላይ አሥራ ስድስት ገጽ ይታተምና ይታጠፋል። የሱ መጽሐፍ እንዲህ ከታጠፉ አራት ወረቀቶች፣ ከአራት እጥፎች፣ የተሠራ ነበር። አራቱ እጥፎች በረጅሙ ጠረጴዛ ላይ በየተራቸው ይከመራሉ፤ ጠራዧ ከግራ ወደ ቀኝ እየሄደች ከየክምሩ አንዳንድ ታነሣና ትሰፋለች። ተራው መዛባቱን የምታውቀው በገጽ ቁጥር ነው። እሱ ግን ቁጥር አይግባበት ብሎ ነበር።

«ግጥም የቤት ቁጥር የለውም» አለ። ሁሉም ሳቁ፣ እሷም ሳቀች።

መጠረዝ በጀመረችበት ቀን ጠረጴዛው ላይ ቀለም ፈሰሰ። አንዱ ሠራተኛ ሊጠርገው መካከለኛዎቹን ሁለት ክምሮች አነሣ፤ ሲመልሳቸው ሁለተኛው ሦስተኛው ቦታ ተቀመጠ። እሷ ሙጫ ልታመጣ ወጥታ ነበር። ልጇ ትኩሳት ይዟት ጎረቤት ትታት ስለመጣች ልቧ እዚያ ነው። ተመልሳ ሦስት መቶውንም መጽሐፍ በዚያው ተራ አነሣች፤ ከሥራ በኋላ እየቆየች በሁለት ሳምንት ሰፍታ፣ አጣብቃ፣ ጠርዙን ቆርጣ ጨረሰች።

ሰኞ ጠዋት ባሏ አንዱን ገለጠ። ቆሞ አነበበ፤ ከዚያ ተቀመጠ። አንዱ ግጥም ከመሀሉ ተቆርጦ የሌላው ግጥም ጅራት ተቀጥሎበታል።

«አበጀሽ» አላት።

«ፈትቼ ልስፋው። በሁለት ሳምንት እጨርሰዋለሁ» ብላ ለመነችው።

«ተዪው። የሞተ ነገር አይሰፋም።»

ሠላሳ ያህሉን ባልደረቦቹ ወስደውት ነበር፤ የቀረው ቁም ሣጥን ላይ ወጣ። እሱም ከዚያ ወዲያ አንድ ስንኝ አልጻፈም። ቂሙን ግን በወጉ አሳደገው። እንግዳ መጥቶ «ግጥም ትጽፍ ነበር አሉ?» ካለው መልሱ የተዘጋጀ ነው፤ «ጽፌ ነበር፤ ባለቤቴ ጠረዘችው» ይላል። እንግዳው ይስቃል። እሷ ሻይ ትቀዳለች። ልጃቸውም ይህችን ቀልድ እየሰማች አድጋ ለትዳር በቃች፤ አባቷን ባየች ቁጥር እናቷ የገደለችው ገጣሚ ይታያት ነበር።

መጽሐፉ በተጠረዘ በሃያ ስድስተኛው ዓመት ባሏ ታሞ ሞተ። ከሞተ ሦስት ዓመት ሲሆነው ልጇ ስልኳን ይዛ እየሮጠች መጣች።

«እማዬ፣ ይኼን ስሚ። የአባዬ ግጥም ነው።»

አንድ ወጣት በጊታር ያንጎራጉራል፦

በሩን አንኳኩና ዝም አሉ ከደጅ፣
እናቴ ቀና አለች፦ ማነው የኔ ልጅ?
መብራት ነው የመጣው፣ ሄዶ የሰነበተ፣
በዳበሳ ስንኖር ስንቱ ዓይን ሻገተ።

ጠራዧ ስንኞቹን ለየቻቸው። የበሩና የእናቲቱ ስንኞች የአንድ ግጥም ናቸው፤ የመብራቱ የሌላ። ቤቷ ውስጥ ተሸፍኖ የኖረው ስህተቷ አሁን በአደባባይ ይዘፈናል። ልጇ በደስታ ታለቅሳለች፤ እሷ የምታስበው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ይህ ወጣት ስቱዲዮ ገብቶ ዘፈኑን ሳያስቀርጽ ማረም አለባት። ይህን ካደረገች ለባሏ ያለባት ዕዳ ከትከሻዋ ይወርዳል።

ዘፋኙ የገጣሚውን ቤተሰብ አፈላልጎ በሳምንቱ ቤቷ መጣ። መጽሐፉን ያገኘው አሮጌ መጻሕፍት ከሚሸጥ ሰው ነው። ገጾቹ ከብዙ መገለጥ ሳስተዋል፤ ስፌቱ ግን ንቅንቅ አላለም። እሷ መጀመሪያ ያየችው ስፌቱን ነበር።

«እማማ፣ እኔን የገደለኝ እዚህ ጋ ነው» አለ በጣቱ እያሳየ። «እናቲቱ ማነው ስትል ሰው ሁሉ ሞት ነው የሚጠብቀው። ጋሼ ግን መብራት ነው አሉ። እንዴት ያለ ጭንቅላት ነው ይኼን ያሰበው? ሙዚቃ ልተው ጫፍ ደርሼ ነበር፤ ይቺ ናት የመለሰችኝ።»

«ልጄ፣ እሱ እንዲህ አላለም።»

«እንዴት?»

«መብራቱ የማተሚያ ቤቱ መብራት ነው። ሦስት ቀን ጠፍቶ ሲመጣ አለቃው ላይ ሊያላግጥ የጻፈው። እናቲቱ ሌላ ግጥም ውስጥ ናት። ስጠርዝ ያዛነቅኳቸው እኔ ነኝ።»

ልጁ የቀለደች መስሎት ሳቀ። እሷ የባሏን ደብተር አውጥታ ፊቱ አስቀመጠች። ከእናቲቱ ጥያቄ በታች፣ በዚያ በሚያምር የእጅ ጽሕፈቱ፣ እውነተኛው መልስ አለ፦

ነፋስ ነው እናቴ፣ የሚያልፍ በጎዳና፣
ዓለምም ነፋስ ናት፣ ውላ አታድርምና።

ልጁ አንዴ አነበበ፣ ደገመ። ፊቱ ሰው ቤት የማይወደው ምግብ እንደቀረበለት እንግዳ ሆነ።

«ይኼም ጥሩ ነው» አለ።

«እንግዲያው ስትቀረጽ ይኼን በለው። በትክክሉ ይሁንልኝ።»

«እማማ…»

«ምነው?»

«አይቆጡኝ። እንዲህ ያለ ብዙ አለ። ዓለም ነፋስ ናት ያላለ ማን አለ? ይቺን አውጥቼ ያንን ካስገባሁ ዘፈን የለኝም።»

«ከሌሎቹ ግጥሞች የወደድከው የለም?»

ጫማውን ማየት ጀመረ። እሷም ሌላ አልጠየቀችውም፤ ዝምታን ማንበብ በቤቷ በቂ ተምራለች።

በሚወጣበት ጊዜ እጇን ይዞ ለመናት። «ይኼን ለሌላ ሰው ባይነግሩት። ሰው ዘፈኑን ትቶ ወሬውን ይይዛል። ገጣሚ ተብሎ የሚጻፈው የሳቸው ስም ነው።»

«የሱን ጻፍ» አለችው።

ከሸኘችው በኋላ ወንበሩ ላይ ቁጭ ብላ ቀረች። ደስ ይለኛል ብላ ጠበቀች፤ አላላትም። ሃያ ስድስት ዓመት አንገቷን ደፍታ የኖረችው የመጽሐፉን ብቸኛ ሕያው ቦታ ስለሠራች ኖሯል። እሱስ ያውቅ ነበር? ፈትቼ ልስፋው ስትለው እምቢ ያለው፣ ግጥሞቹ ተራቸውን ይዘው ቢታዩ ሰው ምን እንደሚላቸው ስለፈራ ይሆን? በሷ ማላከክ ቀሎት ይሆን? ሰውየው በሕይወት ቢኖር ደብተሩን ፊቱ ወርውራ ትጠይቀው ነበር። ሞቶ አመለጣት። በቀብሩ ቀን ያላለቀሰችውን በንዴት አለቀሰችው።

ዘፈኑ በሬዲዮ የተለቀቀ ዕለት ልጇ አብረን እንስማ ብላ መጣች። ጋዜጠኛው «ሌላው ሞትን በሚያይበት ብርሃንን ያየ ገጣሚ» ሲል ልጅቷ በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች።

«አባዬን እኮ አላወቅንበትም» አለች።

ጠራዧ መሐላ አልገባችም፤ ልመናውን ግን ልታከብር አስባ ነበር። ሆኖም ይህች አንዲት ልጅ ብቻ፣ ይህች በዚያ ቀልድ ያደገች ልጅ ብቻ፣ እውነቱን ብታውቅልኝ አለች በልቧ። ነገረቻት፤ ክምሮቹን፣ የማተሚያ ቤቱን መብራት፣ ዘፋኙ ጫማውን ማየቱን።

ልጇ የሬዲዮውን ድምፅ ቀነሰች።

«እማዬ፣ በቃ። መጽሐፉን አበላሸሽበት። አሁን በስንት ዘመኑ የሰው ምስጋና ሲያገኝ ደግሞ የኔ ነው ትያለሽ?»

«የኔ ነው አላልኩም። የሆነውን ነው የነገርኩሽ። ደብተሩ ይኸው፣ እይው።»

«አላይም።»

«አንድ ገጽ ነው።»

«አላይም አልኩሽ እኮ። ይቺን እንኳ ተዪለት።»

እናቲቱ ደብተሩን ዘጋች። ከሠላሳ ዓመት ገደማ በፊት የታመመችውን ሕፃን ጎረቤት ጥላ ሥራ መሄዷ ትዝ አላት፤ እሱን ግን አላነሣችም።

«ተውኩለት» አለች።

ዘፈኑ መብራቱ ጋ ደረሰ። ልጅቷ ዓይኗን ጨፍና ከዘፋኙ ጋር አብራ ማዜም ጀመረች። እናቷ እጇን ዘርግታ ድምፁን ከፍ አደረገችላት።