ጅብ ንስሐ የገባበት ቅዳሜ

ቡራዩ ስንኖር አከራያችን «መነኩሲቷ» ነበር የሚሉኝ። ባል አለኝ፣ ልጅ አለኝ፤ ግን ነጠላዬን ሳላስተካክል ከግቢ አልወጣም፣ አልምልም፣ ሰው አላማም፤ ለእሳቸው ይኸው በቂ ነበር። እሳቸው እዚያው ተወልደው ያደጉ ኦሮሞ፣ እኔ በባሌ ሥራ ምክንያት ከጎጃም ድረስ ተጎትቼ የመጣሁ ተከራይ። እሳቸው ጴንጤ፣ እኔ ኦርቶዶክስ። በመሃላችን አንድ ግቢ፣ አንድ ቧንቧና በየቀኑ የሚጠፋ አንድ ልጅ ነበር። ልጁ የእሳቸው ነው፤ በስተርጅና የወለዱት፣ ገና አራት ዓመቱ። የሚጠፋው እኔ ቤት ነው፤ የስድስት ዓመቷ ልጄ አዛዡ ናትና።

የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ተቃውሞ የተቀጣጠለ ሰሞን ነው። ትምህርት ቤት አንድ ቀን ይከፈታል፣ አንድ ቀን ይዘጋል፤ ልጆቹ ግቢ ውስጥ ታፍነው ዶሮዎቹን አስመረሩ። የሰውም ሰላምታ አጠረ። ትናንት ቆሞ «የልጅሽ ጉንፋን ተሻላት?» ይል የነበረ፣ ዛሬ አንገቱን ነቅንቆ ያልፋል። ቤት ልቀቁ የተባሉ ተከራዮች እንዳሉም ሰምተናል። እኛን ማንም ምንም አላለንም፤ እኔ ግን የአከራዬ ድምፅ ከወትሮው ዝቅ ባለ ቁጥር ዕቃችንን በሐሳቤ እጭን ነበር።

አንድ ቅዳሜ መንገዱ ሰላም ነው ተባለ፤ ፒያሳ አካባቢም የልጆች ትያትር አለ ተባለ። እኔ በዕድሜዬ ትያትር ቤት ገብቼ አላውቅም። የነቢያት ጾም ነበርና መጀመሪያ የንስሐ አባቴን ጠየቅኳቸው።

«ለልጆቹ ከሆነ ሂጂ» አሉኝ ጺማቸውን እያሻሹ። «ሳቁን ግን በልክ አድርጊው።»

ቀጥዬ አከራዬን ጠየቅሁ። ልጃቸው ወሬውን ቀድሞ ሰምቶ እግራቸው ላይ ተጠምጥሟል።

«ትያትር ነው ወይስ...» ብለው ዓይናቸውን አጠበቡ። «አንቺ መነኩሲት፣ ልጄን ወስደሽ ጠበል እንዳትነክሪብኝ!»

«ኧረ አዴ!» አልኳቸው፤ በቋንቋቸው እናቴ እንደ ማለት ነው። «ትያትር ነው።»

«በጌታ በይ።»

«አልምልም፤ እያወቁኝ።»

«ለዚህ እኮ ነው የምፈራሽ።» ቢሆንም አዲሱን ሰማያዊ ጫማውን አጠለቁለት። «ሳይጨልም ይመለስልኝ። ቤተ ክርስቲያናችሁ ያስገባሽው እንደሆነ ግን...»

አልጨረሱትም። ቀሪውን እኔ በሐሳቤ ጨረስኩላቸው፤ ማብቂያው ላይ የዕቃ መጫኛ መኪና ቆሞ ነበር።

ታክሲ ውስጥ ለልጆቹ ሥርዓት አስተማርኩ። መጋረጃ ያለው ትልቅ አዳራሽ እኔ የማውቀው አንድ ብቻ ነው። «እንደ ቤተ ክርስቲያን ማለት ነው» አልኳቸው። «አይሮጥም፣ አይጮህም፣ አይበላም። መጋረጃው ሲከፈት ጸጥ!» ልጄ በቁም ነገር ራሷን ነቀነቀች። ያን መነቅነቅ ብፈራው ደግ ነበር።

ትኬት ልቆርጥ ዞር ባልኩበት፣ የራሷንም የልጁንም ጫማ አስወልቃ በሩ ላይ ደርድራለች። ከኋላችን የነበሩ ልጆችም ደንቡ እንዲህ መስሏቸው ማውለቅ ጀመሩ። አንዲት እናት «ምንጣፍ አንጥፈው ይሆናል» እያለች የልጇን ማሰሪያ ስትፈታ ዘበኛው ደረሰ።

«ኧረ ጫማ ተራ አደረጋችሁት!»

ወዲያው መብራቱ ጠፋ፤ ጫማውን እዚያው ትተን እየተጋፋን ገባን።

መጋረጃው ተከፈተ። ልጄ ብድግ አለች፣ አማተበች፣ ወለሉ ድረስ ሰገደች። ልጁም እሷን አይቶ አጠገቧ ድፍት አለ። «ምን ጠፍቷቸው ነው?» አለ ከኋላችን አንድ ሰው። ፊቴን በነጠላዬ ሸፍኜ ሁለቱንም ወደ ላይ ጎተትኳቸው።

ትያትሩ የጅብና የአህያ ነው። ጅቡ አህያዋ ደጃፍ ቆሞ ደረቱን እየደቃ «ተጸጽቻለሁ! ከእንግዲህ ሥጋ አልበላም! ክፈቺልኝ!» ይላል። አዳራሹ ጭጭ ብሏል። ይኼኔ የአከራዬ ልጅ ወንበሩ ላይ ቆመና፣ በእነሱ ጸሎት ቤት ሰው ሲመሰክር እንደሚደረገው፣ ሁለት እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ «አሜን! ሃሌሉያ!» አለ።

ጅቡ ጀርባውን ሰጠን። ከሳቁ የተነሳ ጭራው ይንቀጠቀጥ ነበር። እኔም የንስሐ አባቴ ከሰጡኝ ልክ አለፍኩ።

ትያትሩ ሳያልቅ ስልኮች መጮህ ጀመሩ። «ከአስኮ ወዲያ መንገድ ተዘግቷል» የሚል ሹክሹክታ ከወንበር ወንበር ዞረ። ወላጅ ሁሉ ልጁን አንጠልጥሎ ወደ በሩ ሮጠ፤ በሩ ላይ ደግሞ ያ የጫማ ክምር! ያገኘ ያገኘውን ነጠቀ። ለልጁ የደረሰው አንድ የራሱ ሰማያዊ፣ አንድ ደግሞ ቢራቢሮ ያለበት የማን እንደሆነ የማይታወቅ ሮዝ ጫማ ነበር።

ታክሲው አስኮ ላይ አራገፈን። ልጁን አዝዬ፣ ልጄን በእጄ ይዤ ከእግረኛው ጋር ተጓዝኩ። አለፍ ብሎ ወጣቶች አስፋልቱ ላይ ድንጋይ ደርድረዋል፤ ጎማ ይጨሳል። አንዱ ወደ እኔ መጣ። ነጠላዬን አየ፣ ፊቴን አየ፤ በኦሮምኛ አንድ ነገር ጠየቀኝ። ልጄን ወደ ራሴ ሳብኳት። ልጁ ከጀርባዬ ብቅ ብሎ «ወራቤሳ!» ሲል ጮኸበት፤ በቋንቋቸው ጅብ ማለት ነው። ጥርሱንም አሳየው።

ወጣቱ ደንግጦ ወደ ኋላ አለ፤ ጓደኞቹ አሽካኩበት። «ከየት ነው እናታችን?» አለኝ በአማርኛ።

«ከትያትር።»

«ዛሬ?» ድንጋዩንም ጭሱንም በአገጩ አሳየኝ። «እዚህ በነፃ እያለልሽ?» ከዚያ ቀረብ ብሎ «በውስጥ በውስጥ ሂጂ፤ ዋናው መንገድ ጥሩ አይደለም» አለኝ።

ስንደርስ ለዓይን ያዝ አድርጎ ነበር። አከራዬ የግቢው በር ላይ ቆመዋል። ልጁን ከጀርባዬ ነጥቀው ፊቱን፣ እጁን፣ ሆዱን ዳሰሱ። እግሩ ጋ ሲደርሱ ቆሙ።

«ይሄ ጫማ የማነው?»

«ተቀያይሮ ነው።»

«የት አውልቆት?»

መዋሸት አልችልም። «በር ላይ።»

«የምን በር?»

አፌን ስከፍት ልጁ ቀደመኝ። «ጫማ አወለቅን! መጋረጃ ተከፈተ! ሰገድን!»

አከራዬ ቀና ብለው አዩኝ። ድምፃቸው ዝቅ አለ፤ ያ የምፈራው ድምፅ። «እኔ መንገድ ላይ ምን ሆኑ እያልኩ ስጸልይ አንቺ...» ብለው ወደ ልጁ ዞሩ። «ማን ሰበከ?»

«ጅቡ።»

«ቄሱን ነው ጅብ የምትለው?»

«ጅቡን! ሥጋ አልበላም አለ።»

«ይኸው! ጾም ላይ ናቸዋ!»

«እኔም አሜን አልኩት።»

«አዴ፣ እባክዎን...» ስል በእጃቸው አስቆሙኝ። የመጨረሻውን ጥያቄ እንደ ዳኛ አሰቡበት።

«ሰውየው ጭራ ነበረው?»

«ትልቅ ጭራ!» አለና ከክንዳቸው ወረደ። በሰማያዊና በሮዝ ጫማው እያነከሰ ግቢውን ዞረ፣ ደረቱን ደቃ፣ ንስሐ ገባ፣ ወዲያው ዶሮዎቹን አባረረ። ልጄም አህያ ሆና ከቧንቧው ኋላ አናፋች።

አከራዬ ከንፈራቸውን ነክሰው ትንሽ ታገሉ። ከዚያ በሩን ተደግፈው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። «እንግዲያውስ ቄስ አይደለም» አሉ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ መንገዱ እንደገና ተዘጋ። ልጆቹ እኛ ክፍል አንሶላ ሰቅለው ጅቡን ሊያሳዩን ተሰናዱ። አከራዬ ሲጠሩ መጡ፤ ደፉ ላይ ግን ቆም አሉ። ነጠላ ጫማቸውን አወለቁና ከልጄ ጫማ ጎን አስተካክለው አስቀመጡት።

«ምነው ታዪኛለሽ?» አሉኝ። «ደንቡ እንዲህ አይደል እንዴ፣ መነኩሲቷ?»

ገብተው ከጎኔ ተቀመጡ።